ጌጤነሽ በወንዙ ዳር ያረዘመችው መንገድ

ስለ ጌጤነሽ የሚወራው እንዲህ ነው፤ አፏ ክዳን የለውም። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ፓስተር ጸልዮ፣ ሰው ሞልቶ የሚነገረውን መርዶ ግማሽ ቀን መያዝ አቅቷት አሌክሳንድሪያ ወንዝ ዳር፣ ዓሣ አጥማጅ ፊት ለጓደኛዋ ዘረገፈችላት ይባላል። ወሬው ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ ታኮማ ፓርክ ሲደርስ ዓሣ አጥማጁ ሦስት ሆነ። በልትስቪል ሲደርስ ጌጤነሽ እየሳቀች ነው የነገረቻት ተባለ። ወንዙን ተሻግሮ ሴቨን ኮርነርስ ሲገባ ደግሞ ሟቹ ራሱ ተቀይሮ፣ አንድ በደህና የሚኖር ሰውዬ የገዛ ለቅሶው ላይ ሊደርስ ጥቂት ነበር የቀረው።

ከዚህ ሁሉ እውነቱ ወንዙና መርዶው ነው። ዓሣ አጥማጁም አንድ ነበር። አፏ ክዳን የለውም የሚለው ግን ውሸት ነው። ያን ቅዳሜ ጌጤነሽ የያዘችውን ያህል ነገር ይዞ የዋለ ሰው እኛ ሰፈር ታይቶ አይታወቅም። የያዘችውም እያወራች ነው፤ ሰዉን ያሳሳተው ይኸው ነው።

ጌጤነሽ በዲቪ የመጣች ሴት ናት። የምትኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የምትሠራው ከወንዙ ማዶ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው፤ ጠዋት አረጋውያንን ከየቤታቸው በቫን ሰብስባ የቀን መዋያቸው ታደርሳለች፣ ከሰዓት በኋላ መልሳ ለየልጆቻቸው ታስረክባለች። በመሀል ያለው ሰዓት የማንም አይደለም። መጀመሪያ አካባቢ ወንበሩን ወደኋላ ለጥጣ ትተኛበት ነበር። ጉልበቷ ሲይዛት ሐኪሙ "ዎክ አድርጊ" አላት። ዎክ ለማድረግ ከቫኑ ወረደች፤ መንገዱ ቁልቁል ነበር፣ ቁልቁለቱም የሚያልቀው ፖቶማክ ወንዝ ላይ ነው። በዚያው ለመደችው።

በወንዙ ዳር የተተከሉትን የታሪክ ሰሌዳዎች በስልኳ ፎቶ እያነሳች ታስተረጉማለች። ስልኩ ግማሹን ተረጎመላት፣ ግማሹን ራሷ ሞላችው። ስትናገረው ታሪክ አይመስልም፣ የጎረቤት ሐሜት ይመስላል። ኪንግ ስትሪት ወንዙ ላይ በሚያበቃበት ቦታ ቆማ፣ "ይህ የቆማችሁበት መሬት እንዳይመስላችሁ" ትላለች። "ነጋዴዎቹ ከወንዙ ላይ ሰርቀው ነው። ያረጀ መርከብ እያሰመጡ፣ አፈር እየደፉበት። በቅርብ ጊዜ ሆቴል ሊሠሩ ሲቆፍሩ የመርከቡ አጽም ወጣ። ባሕሩ ወደ ላይ በገፋው ቁጥር ወንዙ መንገዱ ላይ የሚወጣው ለምን ይመስላችኋል? ንብረቱን ሊጠይቅ ነው።"

ወደ ታች ጆንስ ፖይንት ላይ፣ ጣሪያው ላይ ፋኖስ የተሸከመ ነጭ የእንጨት ቤት አለ፤ ድሮ ለመርከቦች መንገድ ያሳይ የነበረ። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረዋት የሚሄዱት ሴቶች "መብራት ኃይል" ይሉታል። ከሥሩ፣ ውኃው በሚመታው ግንብ ውስጥ፣ የአገሪቱ ዋና ከተማ ስትለካ የመጀመሪያው ወሰን የተተከለበት ድንጋይ ተቀምጧል። "ኋላ ይህን ማዶ ለቨርጂኒያ መለሱትና ከተማዋ ጥላው ሄደች" ትላለች ጌጤነሽ፣ "እሱ ግን ያልነገሩት ዘበኛ ሆኖ እስካሁን ይጠብቃል።" ወንዙን ከሚሻገረው ትልቅ ድልድይ አለፍ ብሎ ደግሞ መቃብሩ አለ፤ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ከባርነት አምልጠው እዚህ የደረሱ ሰዎች ያረፉበት፣ ኋላ ተረስቶ ነዳጅ ማደያ የተሠራበት፣ አሁን ስማቸው ተቀርጾ የተከበረ። እዚያ ጋ ጌጤነሽ አትቀልድም።

ቅዳሜ ጠዋት የቤተ ክርስቲያኗን ሴቶች በሚኒቫኗ ጭና ታመጣለች። ስትጀምር መኪናው ሞልቶ ነበር። ብርዱ ሲገባ አንድ በአንድ ተንጠባጠቡና ሁለት ቀሩ። አንዷ እንባቸው ቅርብ የሆነው እትዬ አበዛሽ ናቸው፤ የማስታወቂያ ፊልም አይተው የሚያለቅሱ ሴት። ሁለተኛዋ ሰርካለም ናት፣ የጌጤነሽ የልብ ጓደኛ።

ሰርካለም በሚቀጥለው ማክሰኞ ሃምሳ ዓመት ይሞላታል። "ድግስ ምናምን ብታዘጋጂ ቤቱ አልገባም" ብላ ለልጇ ለማራናታ ከገና ጀምሮ ስትናገር ከርማለች። ሰው የማይፈልገውን ነገር ያን ያህል ደጋግሞ አያነሳም። አንድ ወንድም አላት፣ አዳማ የሚኖር፣ ፊልሞን የሚባል። እናታቸው ሲሞቱ ፊልሞን ገና ጥርሱን አልነቀለም ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናት። ቅዳሜ ከእግር ጉዞው በኋላ ቫኑ ውስጥ በስፒከር ይደወልለታል። ጌጤነሽን በዓይኑ አይቷት አያውቅም፣ ታሪኮቿ ሁሉ ሞት ላይ እንደሚያልቁ ግን ከእህቱ ሰምቷል። "ጌጤ" ይላል፣ ሰላምታም አያስቀድም፣ "ዛሬስ ስንቱን ቀበርሽ?"

ያን ቅዳሜ አበባው ሁሉ ፈንድቶ መኪናው ላይ ቢጫ ዱቄት የነፋበት ሰሞን ነበር። እንደ ልማዳቸው ሚኒቫኑን ጆንስ ፖይንት ድልድዩ ሥር አቁመው፣ በወንዙ ዳር ኪንግ ስትሪት ድረስ ወጥተው ሊመለሱ ሲሉ ጋሽ ክፍሌ ደወሉ። ጋሽ ክፍሌ የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰርግም ለቅሶም ያለ እሳቸው አይጀመርም።

"ጌጤነሽ፣ ሰርካለም አጠገብሽ ናት?"

"ዳክዬ ፎቶ እያነሳች ነው። ምነው ጋሼ?"

"ራቅ በይ።"

ጌጤነሽ ጀልባዎቹ ወደታሰሩበት ጥግ ራቅ አለች።

"ወንድሟ ፊልሞን አርፏል። ልቡ ነው አሉ፤ በተኛበት።"

ጌጤነሽ የጀልባውን ገመድ ያዘች። ገመዱ እርጥብ ነበር፤ ከዚያ ቀን የምታስታውሰው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

"ስሚኝ" አሉ ጋሽ ክፍሌ። "ፓስተር በፈቃዱ በልትስቪል ሰርግ ላይ ነው። ወንዱ ሁሉ ቅዳሜ ስለሆነ ኡበር እየነዳ ነው። ሰው ሳይሟላ እንዳትመልሻት። ሴትዮዋ ደም ግፊት አለባት፣ በደጋፊ መሀል ነው መስማት ያለባት። እሷ ስልክ እንዳትነካ። ፌስቡክ እንዳታይ፣ አዳማ ያሉት ልጆች ፎቶውን ለጥፈውታል።"

"ጋሼ፣ እኛ እኮ ልንመለስ ነው።"

"አራዝሚው።"

"ምኑን?"

"መንገዱን ነዋ። አንቺ አይደለሽ የመንገድ አዋቂ? አደራ።"

ጌጤነሽ ወደ ሰርካለም ስትመለስ ፊቷን ምን ላይ እንደምታደርገው አላወቀችም። ወንዙ ላይ አደረገችው።

"ማን ነው?" አለች ሰርካለም።

"ጋሽ ክፍሌ። ስለ ወንበር።" የመጀመሪያው ውሸት ነበር። ጌታ ሆይ ይቅር በለኝ አለች በሆዷ። "ሰርኬ፣ ስልክሽን እስቲ አምጪው። የአንቺ ካሜራ ይሻላል፣ ጀልባው ጋ ላንሳሽ።"

ሰርካለም ጀልባው ጋ ቆማ አገጯን ቀና አደረገች። ጌጤነሽ አነሳቻት፣ ከዚያ ስልኩን ድምፁንም መስመሩንም አጥፍታ ኪሷ ከተተችው። "ውይ፣ ቻርጅሽ አለቀ።" ሁለተኛው።

"ሙሉ ነበር እኮ።"

"ፎቶ ይጨርሳል።"

ወደ ታች ሲወርዱ ጌጤነሽ ኪሷ ውስጥ ያለው ነገር ስልክ ሳይሆን ፍም ይመስላት ነበር። በየዛፉ ሥር ቆመች። በየአግዳሚ ወንበሩ "ትንሽ አረፍ እንበል" አለች፤ ሌላ ቀን እሷ ናት ሌላውን የምታጣድፈው። መብራት ኃይል ሲደርሱ ወደ መኪናው የሚታጠፈውን መንገድ ትታ ወደ ድልድዩ አቀናች።

"ወዴት ነው?" አሉ እትዬ አበዛሽ።

"ዛሬ ረግረጉ ድረስ እንሂድ።"

"ረግረግ? አንቺ ልጅ፣ እግሬን አየሽው?"

ጌጤነሽ ሰርካለም ጥቂት እስክትቀድም ጠበቀችና እትዬ አበዛሽን በክንዳቸው ይዛ ነገረቻቸው። ሌላ አማራጭ አልነበራትም፤ ያልነገሯቸው እንደሆነ እግራቸው መኪና ውስጥ ይገባል። እትዬ አበዛሽ አፋቸውን በሁለት እጃቸው አፈኑ። እንባቸው ግን በጣት የሚታፈን ዓይነት አይደለም።

"እትዬ፣ በአምላክ።"

"ልጁን... ያሳደገችው እሷ እኮ ናት..."

"አውቃለሁ። አለርጂ ነው በሏት።"

ሰርካለም ዞር ብላ፣ "ምን ሆነው ነው እትዬ?" አለች።

"አለርጂ" አሉ እትዬ አበዛሽ፣ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቀው።

ሰርካለም ቦርሳዋን ፈታ የአለርጂ ኪኒን አወጣች። ቆማ አስዋጠቻቸው። ጀርባቸውንም አሻሸችላቸው፤ በዚህ ጊዜ ለቅሶው ባሰባቸው።

ከድልድዩ ሥር ሲወጡ መንገዱ በመቃብሩ አጠገብ ያልፋል። ጌጤነሽ ይህን ረስታው ነበር። በዚህ ወንዝ ዳር ሞት የሌለበት ቦታ እንደሌለ ያን ቀን ነው ያስተዋለችው፤ ድንጋዩ፣ መርከቡ፣ ማደያው፣ ለዓመታት የቃረመችው ወሬ ሁሉ መጨረሻው አንድ ነው። አንገቷን ደፍታ ፈጠን ፈጠን አለች።

"ምነው ዛሬ አለፍሻቸው?" አለች ሰርካለም። "ሁልጊዜ ቆመሽ ስም ታነቢ የለም እንዴ?"

"ዛሬ ዝግ ነው።"

"መቃብር ይዘጋል?"

"ቅዳሜ ቅዳሜ።"

"ባለፈው ቅዳሜ ነው እኮ የገባነው።"

ጌጤነሽ ታሪክ ጀመረች። ከዛፎቹ መሀል የሚታየውን አንድ ትልቅ ቤት አመለከተች፤ ስለ ቤቱ የምታውቀው ነገር የለም። "እዚያ ቤት አንድ የመርከብ ካፒቴን ነበር" አለች። "የዓሣ ነጋዴ ልጅ ወዶ አገባ። ሰባት ልጅ ወለዱ።"

ሰርካለም ጠጋ አለቻት። "ከዚያስ?"

"ከዚያማ... ተዳሩ። እነሱም ወለዱ።"

"ከዚያስ?"

"ሁሉም ደህና ናቸው።"

"እስካሁን?"

"በጣም ደህና ናቸው።"

ሰርካለም ቆማ አየቻት። "ጌጤ፣ አሞሻል?"

አላመመኝም አለች። ሦስተኛው ይሁን አራተኛው፣ ውሸቱን መቁጠር ትታ ነበር።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ከወንዙ ጋር እኩል ይወርዳል። በግራ ውኃው፣ በቀኝ አውራ ጎዳናው። ብስክሌት ነጂዎቹ ከኋላ እየደወሉ በጆሮዋ ሥር ያልፋሉ፤ ጌጤነሽ በእያንዳንዱ ደወል ትደነግጣለች፣ ስልክ እየመሰላት። አውሮፕላኖቹ ወንዙን ተከትለው ዝቅ ብለው ወደ አየር ማረፊያው ይገባሉ። ሰርካለም ሽቅብ እያየች፣ "ፊልሞን ቪዛው ቢሳካለት ኖሮ በዚህ በኩል ነበር የሚያርፈው፣ በመስኮት ያየን ነበር" አለች። ጌጤነሽ ጫማዋን ልታስር ጎንበስ አለች። ጫማዋ ክር አልነበረውም።

ክፉው ነገር የመጣው ግን ካልጠበቀችው በኩል ነው። የሰርካለምን ስልክ ስትወስድ እትዬ አበዛሽም ስልክ እንዳላቸው አላሰበችም። ረግረጉ መግቢያ ላይ ቆማ ካርታ ስታይ፣ ዞር ብትል ሰርካለም የእትዬ አበዛሽን ስልክ ጆሮዋ ላይ ለጥፋለች። እትዬ አበዛሽ ከኋላ ቆመው፣ "ስጪኝ ስትለኝ ሰጠኋት" የሚል ፊት ያሳያሉ።

"ማራኒ፣ እኔ ነኝ። ስልኬ ሞተ። ዘግይተናል።"

ማራናታ እዚሁ የተወለደች፣ ኮሌጅ የምትማር ልጅ ናት፤ እናቷ በአማርኛ ስትናገር በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው። ድምጿ በስልኩ ዳር ይሰማ ነበር። "ማሚ? ኦኬ። ኦኬ፣ ማሚ። ቴክ ዩር ታይም።" ከኋላዋ ብዙ ወንበር ወለል ላይ ሲጎተት፣ ጋሽ ክፍሌም "ያን ትልቁን ድስት ወዲያ አድርጉት" ሲሉ ይሰማል። "ዶንት ካም ሆም ዬት፣ ኦኬ? አይ ላቭ ዩ፣ ማሚ።" ተዘጋ።

ጌጤነሽ የሰርካለምን ፊት ጠበቀች። ሰርካለም ግን ስልኩን ለእትዬ አበዛሽ መለሰችና ፈገግ አለች። ወደ አንዳቸውም ሳታይ፣ ለራሷ። "እሺ፣ ወዴት ነው አሁን?" አለች። "ምሩኝ። ቀኑን ሙሉ ብንሄድ ግድ የለኝም።"

ይህ ፈገግታ ጌጤነሽን ከለቅሶ ይልቅ አስፈራት።

ረግረጉ ድሮ ሰፊ ነበር፤ አሸዋና ጠጠሩን ከሥሩ እየዛቁ ወስደውበት ነው ያነሰው። አሁን ውኃው የቀረውን እንዳይበላው ድንጋይ ደርድረውለታል። በመጨረሻው ላይ ውኃው ላይ የተዘረጋ የእንጨት መንገድ አለ። እዚያ ሲደርሱ ወንዙ ወደ ባሕሩ እየተመለሰ፣ ጭቃው እየወጣ ነበር። ምሰሶ ላይ አንድ ትልቅ ዓሣ አዳኝ አሞራ ጎጆውን ሠርቷል፤ ዓሣ በእግሩ አንጠልጥሎ መጣ፣ ከጎጆው ውስጥም ጫጫታ ተሰማ።

"አንሺልኝ" አለች ሰርካለም። "በአንቺ ስልክ። ለፊልሞን እልክለታለሁ። ልጅ ሆኖ የአሞራ ጎጆ ላውርድ ብሎ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰብሮ ነበር። እኔ ነበርኩ የተመታሁት።"

ጌጤነሽ አነሳች። አሞራው ደበዘዘ። ደግማ አነሳች። እትዬ አበዛሽ አጥሩን ይዘው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል።

የጋሽ ክፍሌ ስልክ የመጣው ያኔ ነው። "ሰው ሞልቷል። ፓስተርም ከሰርጉ ወጥቷል። አምጪያት፣ ምንም እንዳትይ።"

ሲመለሱ ሰርካለም ታንጎራጉር ነበር። መብራት ኃይል አካባቢ ሲደርሱ፣ "አንድ ጊዜ" ብላ ድልድዩ ሥር ወዳለው መጸዳጃ ቤት ገባች። ቆየች። ጌጤነሽ ወድቃ ይሆናል ብላ ልትከተላት ስትነሳ ብቅ አለች።

ፀጉሯን ፈታዋለች። ላቧን ታጥባለች። ከቦርሳዋ ያወጣችውን ቀይ ሻርፕ አንገቷ ላይ ጣል አድርጋለች። ከንፈሯን ደማቅ ቀይ ሊፕስቲክ ተቀብታለች፤ ለሰርግ ካልሆነ በቀር የማትነካውን።

"እንዴት ነኝ?" አለች።

እትዬ አበዛሽ "ወይኔ" አሉ፣ በጣም ቀስ ብለው።

"አትደንግጡ፣ አውቄያለሁ" አለች ሰርካለም። ወንዙን ጀርባዋ አድርጋ ቆመች፤ ከግንቡ ላይ አንድ ዓሣ አጥማጅ ባልዲውን አጠገቡ አድርጎ ገመዱን ያያል። "ወንበሩን ሰማሁ። የጋሽ ክፍሌን ድምፅ ሰማሁ። ማራኒ ገና አትምጪ አለችኝ። ስልኬን ስትወስጂ ጊዜ ነው የጠረጠርኩት፤ አንቺ ውሸት አትችይም ጌጤ። ሰርፕራይዝ ነው አይደል? የልደቴ። ግድ የለም፣ እንዳላወቀ ሰው እሆናለሁ። እዪ፣ በሩን ከፍቼ ስገባ እንዲህ ነው የማደርገው።" እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ አፏን በመገረም ከፈተች፣ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለች። ቀጥላ ሳቀች። "አሳመንኩ?"

ጌጤነሽ ፈቀቅ ብላ ለጋሽ ክፍሌ ደወለች። "ጋሼ፣ ልደት ነው ብላለች። ተኳኩላለች።"

"ምን አለበት? ይዘሻት ነይ።"

"ሊፕስቲክ ተቀብታለች እኮ ነው የምልዎት።"

"ጌጤነሽ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ እየጠበቀ ስለ ሊፕስቲክ ታወሪኛለሽ? በሩ ላይ ስትደርሱ ሴቶቹ ይቀበሏታል። ምንም እንዳትይ አልኩሽ።" ዘጉት።

ጌጤነሽ ቆማ ቀረች። ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ደም ግፊት አለ። እዚህ ደጋፊ የለም፤ እሷ አለች፣ የሚያለቅሱ አንዲት አሮጊት አሉ፣ አንድ ዓሣ አጥማጅ አለ። ብትወድቅባት ያ ሁሉ ሰው ምን ይላታል? ወሬውን ገና ሳይወራ ሰማችው።

ሌላም ነገር ሰማች። ወጣት ሳለች፣ አዲስ አበባ፣ ከሥራ ወደ ቤት ስትገባ ጎረቤቱ ሁሉ በግድግዳው ዙሪያ አግዳሚ ላይ ተደርድሮ አገኘችው። እሷ ከልጅነቷ ቀልድ ይቀናታል። ከበሩ ሳታልፍ፣ "ምነው ተሰለፋችሁ፣ ስኳር መጣ እንዴ?" አለች፤ የቀበሌ ስኳር በሰልፍ የሚወሰድበት ዘመን ነበር። ማንም አልሳቀም። ከዚያ ነው የጎረቤቷን ነጠላ ተዘቅዝቆ ያየችው። አባቷ ነበሩ። ጌጤነሽ ያን ቀን እንዴት እንዳለቀሰች አታስታውስም። ቀልዱን ግን እስከ ዛሬ ድረስ ታስታውሰዋለች፤ ሌሊት ከእንቅልፏ ይቀሰቅሳታል፣ በገዛ ድምጿ።

ተመለሰች። "ሰርኬ፣ ግንቡ ላይ ቁጭ በይ።"

"ልብሴ ይቆሽሻል፣ አሁን እኮ ነው ያራገፍኩት።"

"ይቆሽሽ።"

ሰርካለም ሳቋ ሳይጠፋ ተቀመጠች። ጌጤነሽ እግሯ ሥር፣ መሬቱ ላይ ተንበረከከች፤ ጉልበቷ ጮኸ። "ቤት ያለው ሰው" አለች፣ "ለልደት አይደለም የመጣው።"

የሰርካለም እጅ ደረቷ ላይ ወጣ፤ ቅድም እንዳሳየችው፣ እዚያው ቦታ ላይ። አሁን ግን እዚያው ቀረ።

"ማራኒ ናት?"

"ማራኒ ደህና ናት። ድምጿን ሰምተሽ የለም?"

ሰርካለም ወደ ታች አየች። ጌጤነሽ ሳታውቀው ኪሷ ውስጥ ያለውን ስልክ አውጥታ በሁለት እጇ ይዛለች። ሰርካለም ወሰደችው፣ ነካ አደረገችው፣ በራ። ሙሉ ነበር።

"ቻርጅ አልጨረሰም" አለች። ቀኑን አነበበችና፣ "ዛሬ ቅዳሜ ነው" አለች። "ፊልሞን ነው።"

ጌጤነሽ ስሙን አልጠራችም። ይህን ማንም አያወራም።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንደማንኛውም ለቅሶ ነው፣ ጣሪያ የሌለው መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። "ፊልሞኔ" የሚለው ድምፅ ውኃው ላይ ሄዶ ድልድዩ ሥር ገብቶ ተመለሰ። ዓሣ አጥማጁ ገመዱን ጣለ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ሊታጠፍ የሚችለውን ወንበሩን ይዞ መጣና ምንም ሳይጠይቅ ከሰርካለም ሥር አደረገላት። ራቅ ብሎ ቆመ። እትዬ አበዛሽ የያዙትን ሁሉ ለቀቁት፤ ቀኑን ሙሉ ሲጠባበቁት ስለነበር የማን ሰው እንደሞተ ለማያውቅ ሟቹ የእሳቸው ነው የሚመስለው። ጌጤነሽ አንድ ክንዷን በሰርካለም ወገብ አዙራ በሌላው እጇ የደም ሥሯን ትፈልግ ነበር፣ የት እንደሚያዝ እንኳን ሳታውቅ፤ እየመታ ነው፣ ገና እየመታ ነው።

ድምፁ ሲደክም ሶፍት በውኃ አርሳ ሊፕስቲኩን ጠረገችላት። ቶሎ አይለቅም ነበር። ሰርካለም እንደ ልጅ ፊቷን ሰጥታት ተቀመጠች። ከዚያ ፀጉሯን ሰብስባ አሰረችላት፣ ቀዩን ሻርፕ አውልቃ ቦርሳው ውስጥ ከተተችው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ሲደርሱ መኪና መንገዱን ግራና ቀኝ ሞልቶታል። ጋሽ ክፍሌ ጥቁር ኮት ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ቃላቸውን አዘጋጅተዋል። ሰርካለም ከቫኑ ስትወርድ እያለቀሰች ነው። ጋሽ ክፍሌ የከፈቱትን አፍ ዘጉት። እንዳትወድቅ ሊይዟት ከፊት የተሰለፉት ሴቶች እጃቸው ተዘርግቶ ቀረ። ማራናታ ብቻ ሰውን ገፍታ ወጥታ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች፣ እሷም ያን ጊዜ በአማርኛ ነው ያለቀሰችው።

ፓስተር በፈቃዱ ጸለየ፣ ተዘመረ፣ ምግብ ቀረበ። ሰርካለም ፍራሹ ላይ በሴቶች ተከባ ተቀመጠች። ጋሽ ክፍሌ ጌጤነሽን ኩሽና ውስጥ አገኟት፤ ትልቁ ድስት አጠገብ ቆማ ነበር፣ ሌሎችም ነበሩ።

"አደራ ብዬሽ ነበር" አሉ። ድምፃቸውን አላነሱም፤ ባነሱት በተሻላት። "ይህ ነገር ሥርዓት አለው። ያለ ሥርዓት አልተሠራም። መንገድ ዳር፣ ፓስተር በሌለበት፣ ዘመድ በሌለበት። ብትወድቅብሽስ ኖሮ? ልቧ እንደ ወንድሟ ቢቆምስ? ምን ትይን ነበር?"

"እውነትዎን ነው ጋሼ" አለች ጌጤነሽ።

"አንድ ሰዓት አይሞላም ነበር እኮ የቀረሽ። ምላስሽን ይህችን ታህል ብትይዢው?"

ኩሽና ውስጥ የነበረው ሰው ራሱን ነቀነቀ። አንዷ ሴት የድስቱን ክዳን አስተካከለች፣ ሳያስፈልገው። ጌጤነሽ እጇን አየች፤ አውራ ጣቷ ላይ ትንሽ ቀይ ቀርቷል፣ ሁለት ጊዜ ታጥባው አልለቀቀም። ቀና ሳትል ጠየቀች፤

"ታዲያ ሊፕስቲኩን ማን ይጠርግላት ነበር?"